እንደ ነፍስ አባት የጠየቅኩበት ዘመን

«የእናቴን ቃል ይዘሽ ዓረብ አገር ገባሽ አይደል!» አለችኝ ሻይ ቤቷ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ነገሩ ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ነው። ለሱቄ ልብስ ላመጣ ወደ ባሕር ዳር ልሄድ በማለዳ ወጥቼ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከጉና ነፋስ ልሸሽ ብዬ የገባሁባት ሻይ ቤት ናት። ረዳቱ ከውጭ አንገቱን አስግጎ «ታንጉት፣ ዕቃሽን ጭኜዋለሁ፤ ከዚህ እንዳትርቂ!» ብሎ በስሜ ሲጠራኝ፣ ሻይ የምትቀዳው ሴት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ፊቴን አየችው፤ ከዚያ ጥርሴን አየችው። ፍንጭት ነኝ፤ አንዴ ያየኝ አይረሳኝም፣ በወሬ የሰማኝም አይስተኝም። ከዚያ ነው ያን ቃል የወረወረችብኝ። ሆዷ ገፍቷል።

«ማነሽ አንቺ?» አልኳት። ጠዋት ጠዋት ትሕትና የለኝም።

«የጠጄ ልጅ ነኝ። ማሬ እባላለሁ።»

ማሬ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ዘፍ አለች። «ከባሕር ዳር ስመለስ ጎረቤቶቻችን ነግረውኛል» አለች። «ፎርም ይዘሽ የመጣሽ ዕለት እናቴ በር ዘግታ ከአንቺ ጋር ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ዓመት ሳትቆይ ሞተች። እኔ ሰርጌን ጥዬ የጠፋሁ ዕለት ‹የጠባሽው ጡት ይፋረድሽ› ብላ ረግማኛለች ይላሉ። ይኸው ሁለት ጨነገፈብኝ። ይኼ ሦስተኛዬ ነው። ሐኪሙ ደህና ነሽ ይለኛል፤ ሰው ደግሞ የእናት እርግማን ነው ይለኛል። እሷ ውስጥ ገብታ ምን እንዳለች የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። በእርግማኗ ጸንታ ነው የሞተችው ወይስ ምራኝ?»

ሐሳቤ ጉና ሥር ሄደብኝ።

ዘመኑን በቁጥር አልነግራችሁም፣ በዕቃው ልንገራችሁ። ስልክ ሁሉ ባለቁልፍ፣ ባጃጅ ለደብረ ታቦር ብርቅ፣ ሻይ በሁለት ብር የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ዛሬ በሁለት ብር ሻይ የሚል ሰው ቢኖር ጤንነቱን እንጠይቀዋለን። ጂንስ ሱሪ ላይ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ መደረብ ፋሽን ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩን ወንድም ሴትም እንመስላለን እያሉ አሮጊቶቹ ያማትቡ ነበር። ከመናኸሪያው ማዶ፣ አሁን የሞባይል ጥገናዎች የተደረደሩበት ጥግ ላይ፣ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ነበረ። ባለቤቱ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከደጁ አቁሞ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት እስክስታ፣ ወደ ማታ የፍቅር ዘፈን ይለቃል። ሰዓት የሌለን ልጆች ቀኑን የምናውቀው በሱ ነበር። እስክስታው ከጀመረ ምሳ አልፏል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቱ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ተቀምጬ የእናቴን ኩርፊያ እያየሁ የምውልበት ወራት ነበር። በዚያ መሀል ነው መምህር ያረጋል የሚባል ወጣት አስተማሪ ስለ ገጠር እናቶች ኑሮ ጥናት ሊሠራ መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል የሚል ወሬ የሰማሁት። የሚፈልገው መንገድ የማይደክመውና ሰው የማይፈራ ሰው ነው ተባለ። እኔን በስሜ የጠራኝ መሰለኝ።

ሥልጠናው አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነበር። መምህር ያረጋል ክርኑ የነጣ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ጠመኔ በያዘው እጁ አፍንጫውን እያከከ፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ አፍንጫ ይዞ ያስተምረን ነበር። ማንም አልነገረውም፤ እኔ እንኳን በመጨረሻው ቀን ነው የነገርኩት። «ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ። መልሱን በአፋቸው አታጉርሷቸው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትጠይቁ። ፊታችሁም መልስ አይስጥ» ይላል። የኔ ፊት ደግሞ ከአፌ ይብሳል። «ሰው እምቢ የማለት መብት አለው። እምቢ ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ አትለምኑ፣ አታስፈራሩ፣ ‹እርዳታ ይመጣል› ብላችሁ አታማልሉ። የነገሯችሁን ለባል አትንገሩ፣ ለቀበሌ አትንገሩ፣ ለእኔም ቢሆን ስም ጠርታችሁ አታውሩ።» ይኼን ሲል ድምፁ ይለወጥ ነበር። ሌላውን ያስተምራል፤ ይኼን ግን ይሰብካል።

ስብከቱ ጥሩ፣ የጻፈልን ዓረፍተ ነገር ግን አይጣል ነው። እየዞርን ማንበብ የነበረብን «የሚሰጡት መረጃ ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ሲሆን ለጥናቱ ዓላማ ብቻ የሚውል ይሆናል» የሚለውን ነው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ሬዲዮ ውጠሽ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጥያቄው ገባን። ኑሮዎ ካምናው ሲነጻጸር በጣም ተሻሽሏል፣ ተሻሽሏል፣ ለውጥ የለውም፣ ብሷል፣ በጣም ብሷል?

«ተመስገን» አለችኝ።

«ተሻሽሏል ልበል?»

«ኧረ ምኑ ተሻሽሎ!»

«ብሷል ልበላ?»

«እግዜርን ላማርር እንዴ? ተመስገን በይ አልኩሽ!»

ፎርሙ ለተመስገን ሣጥን አልነበረውም። መንደሩ ሁሉ ደግሞ ተመስገን ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪ ታብሌት ይዞ ሱቄ መጥቶ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቀኝ «ተመስገን የሚል አለህ?» አልኩት። «‹ሌላ› የሚለው ውስጥ እከተዋለሁ» አለኝ እየሳቀ። አልገባውም፤ ግን ደስ የሚል ልጅ ነው፣ ካልሲም ከሱቄ ገዝቷል።

እናም ያንን የሬዲዮ ዓረፍተ ነገር ተውኩት። በራሴ አፍ «እንደ ነፍስ አባት ቁጠሩኝ» ማለት ጀመርኩ። «ለነፍስ አባትዎ የነገሩት ይወጣል? አይወጣም። ለኔም የነገሩኝ አይወጣም።» ተአምር ነው! ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ተፈታ፣ ዱካ ተሳበልኝ፣ ቆሎ መጣልኝ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ አንገቴን ነፋሁ።

እትዬ ጠጄ ቤት የደረስኩት እንዲህ እንደተነፋሁ ነው። መንደሯ ከጉና ሥር ናት፤ ድንቹ በአበባ፣ ገብሱ ገና በአረንጓዴው፣ ነፋሱ ቀሚሴን ከጂንሴ ላይ እየገፈፈ የሚያሳብደኝ አገር። መምህር ያረጋል ከታች መንገድ ላይ ከገበሬ ጋር ወሬ ይዞ ቀረ። እትዬ ጠጄ ረጅምና ከሲታ ናቸው፤ ነገር ሲጀምሩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ከጎን ያያሉ። ጎረቤቶቻቸው ግቢው ውስጥ ሙቀጫ ከበው ገብስ ይፈትጋሉ። የነፍስ አባቱን ምሳሌ ነገርኳቸው፤ ፈቀዱ። እዚያው ደጅ ተቀምጬ ከቤተሰቡ ጀመርኩ።

«እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ማን ነው እትዬ?»

«እኔ አለሁ። ባለቤቴ አለ። ታናሹ አለ። ማሬ አለች።»

«ማሬ የት ናት?»

«ባሕር ዳር።»

«ከሄደች ቆየች?»

እሳቸውን ቀድማ አንዲት ጎረቤታቸው ከሙቀጫው ላይ ሆና መለሰችልኝ። «ክረምት ወጥቶ ክረምት ገብቷል! የሰርጓ ጠላ ተጠምቆ፣ ድንኳን ሊተከል ሲል የጠፋች ጉድ አይደለች?»

«እትዬ፣ ከስድስት ወር በላይ ከቤት የራቀ ሰው አይጻፍም» አልኳቸው። «ደንብ ነው።»

አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ደንቡ ነው ያማጣት?»

ፈታጊዎቹ ሳቁ። እኔም መሳቅ አማረኝ፤ ፊቴን ያዝኩት።

«ደንብ ነው እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጻፊያት።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያ እኔንም አትጻፊኝ። ተነሽ። እሷ የሌለችበት ቤት የእኔ ቤት አይደለም።»

ያቺ ጎረቤታቸው አላስቻላትም። «ኧረ ጠጄ፣ ያን ሁሉ ጠላ አስደፍታ የሄደችውን! አንቺው አይደለሽ በአፍሽ የረገምሻት?»

«ጠላ ነው የተደፋው» አሉ እትዬ ጠጄ፤ ድምፃቸው የጎረቤቱን አጥር ተሻገረ። «ጠላ ነው የተደፋው፣ ልጅ አልተደፋም! የአፌን አፌ ይመልሰዋል። ጻፊያት ብዬሻለሁ!»

ሳቅ ሆነ። ሙቀጫው ቀጠለ። እኔ ከገጹ ጥግ ላይ ማሬ ብዬ ጻፍኩ፤ ያለዚያ ሥራዬም አይጠናቀቅም። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ግን ብዕሩ እስኪነሳ ድረስ አዩት።

ቀጥሎ ያሉት ጥያቄዎች ለብቻ የሚጠየቁ ነበሩ። ገብተን በሩን ገርበብ አደረግን። እትዬ ጠጄ አልተቀመጡም። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ፤ መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«እትዬ! ኧረ ይነሡ! ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ። ነፍስ አባት ነኝ ብለሽ የለ?»

ከዚያም ያልጠየቅኳቸውን ነገሩኝ። እኔ የማገዶና የውኃ ጥያቄ ይዤ፣ ብዕሬን አንሥቼ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። የነገሩኝን ለናንተም አልነግራችሁም። ታዲያ ለምን ጀመርሽልን የሚል ካለ፣ እዚህ ላይ ይዝጋው፤ አልቀየምም።

ወሬ ከሰው ይፈጥናል፤ ወጥቼ ገና ከመምህር ያረጋል ጋር ሳንገናኝ የደብሩ ካህን ቄስ ዓለሙ ጭራቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ቆመዋል።

«ክህነት የሰጠሽ ማን ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ለምሳሌ ያልኩት ነው።»

«ለምሳሌ! ለምሳሌ ትቀድሻለሽ? ለምሳሌ ትፈቻለሽ? ለምሳሌ ታቆርቢያለሽ?» ጭራቸው ከአፍንጫዬ ሥር ይወዛወዛል። መምህር ያረጋል ደርሶ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ እንደ ጠመኔው ሆነ፤ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ቄስ ዓለሙ እሱን ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ አባቴ።»

«ምን አለችሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እኔም ለመጠየቅ ሥልጣን የለኝም። መስማት ግን ሸክም ነው ልጄ። ያለ ማዕረግሽ አንሥተሽዋል፤ የትም አታውርጂው» አሉና ባረኩኝ። ቁጣቸውንና ቡራኬያቸውን በአንድ እጅ ነበር የሚሰጡት።

ቁልቁል ስንወርድ መምህር ያረጋል «ሁለተኛ ነፍስ አባት ብትይ ከሥራ አስወጣሻለሁ» አለኝ። ትንሽ ሄድንና ደግሞ «ሰውን ቃል ሰጥተሽ ካሰበው በላይ ብታስነግሪውስ? ፈቃድ ማለት እኮ ምን እንደሚፈቅዱ ሲያውቁ ነው» አለ። ወንዟን ስንሻገር ደግሞ፣ ውኃው ጫማው ውስጥ ገብቶ እየተንቦጨቦጨ፣ «ግን ከእኔ ዓረፍተ ነገር ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ያሉኝ ከአፌ አይወጣም፤ ካልፈለጉም አይንገሩኝ» ሆነ የምንለው። አጭር፣ ሬዲዮ ያልዋጠ።

የጻፍኩትን ስም ያየው ከተማ ስንገባ ነው። «ይህች ማሬ ደንቡን አታሟላም» አለኝ። ስሙ ያስነሣውን ጠብ፣ ጎረቤት ሁሉ የሰማውን ብቻ፣ ነገርኩት። ደንቡ ነው ያማጣት የሚለው ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ወደ መስኮቱ ዞረ። «ስለ እናቶች ኑሮ እየጠየቅን የራቀ ልጃቸውን ሳንጠይቅ ልንወጣ ነበር እኮ» አለ። በማግስቱ ሁላችንንም አስቀምጦ በየፎርሙ ላይ በእጃችን አንድ ጥያቄ አስጨመረን፦ ከቤት ርቀው የሚኖሩ ልጆችስ አሉዎት? እነማን ናቸው? ቀድመን ወደጨረስናቸው ቤቶችም መልሶ ላከን። እግሬ ተልጦ ነበርና ረገምኩት፤ በልቤም አይደለም፣ በአፌ።

ግን ያቺ ጥያቄ! ከዚያ በኋላ ይፋግ ወርደናል፣ አንበሳሜ ሄደናል። ገጹን ሙሉ ተመስገን፣ ተመስገን ስትለኝ የቆየች፣ ገበያ ረፈደብኝ እያለች ቆማ የምትመልስ ሴት፣ እዚያች ጥያቄ ላይ ስንደርስ ትቀመጥ ነበር። ምን እንዳሉኝ የእነሱ ነው። አቀማመጣቸውን ግን እስከ ዛሬ አያለሁ፤ መጀመሪያ ነጠላውን ሰብሰብ፣ ከዚያ ቁጭ፣ ከዚያ ስም። ኋላ እኔ ራሴ ዓረብ አገር ሄጄ የሰው ምንጣፍ ሳጥብ፣ የሆነች ፍንጭት ልጅ ፎርም ይዛ እናቴ ደጅ ብትመጣ ትጽፈኝ ይሆን ወይስ ደንብ ነው ትላት ይሆን እያልኩ ብዙ ዓርብ አሳልፌያለሁ። ተመልሼም መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ሱቅ አለሽ ተቀመጪ ይሉኛል፣ እኔ ግን ሚኒባስ ሲጮህ እግሬን ይበላኛል።

«ትሰሚኛለሽ?» አለችኝ ማሬ። ሻዬ ቀዝቅዟል። «ወይ ንገሪኝ ወይ አላውቅም በይኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ውስጥ የነገረችኝን ግን አልነግርሽም።»

«እናቴ እኮ ናት!»

«እናትሽ ናት። ቃሉን የሰጠችው ግን ለእኔ ነው።»

«ሞታለች እኮ!»

«እሷ ሞታለች፤ እኔ አለሁ።»

«ድንጋይ ነሽ!» አለችና እንባዋ መጣ። ጥግ የተቀመጡ ሹፌሮች ብርጭቋቸውን ይዘው ቀሩ። አንዱ «ኧረ ንገሪያት እህቴ፣ ምን አለበት?» አለኝ። ገላመጥኩት።

«ማሬ፣ አዳምጪኝ» አልኳት። «ሰው የሚያስታውሰው የተዘጋውን በር ነው። በሩ ሳይዘጋ፣ ደጅ ላይ፣ ጎረቤትሽ ሁሉ ገብስ እየፈተገ እናትሽ የጮኸችውን ማንም አልነገረሽም። እሱ ምስጢር አይደለም። አጥር ተሻግሯል፤ የሰሙት ሳቁና ረሱት።» ከዚያ ነገርኳት። ጻፊያት ያሉትን፣ እንግዲያ እኔንም አትጻፊኝ ያሉትን፣ ጠላውን፣ ሁሉንም እንዳለ።

ማሬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማችኝ።

«እሷ የሌለችበት ቤት የእኔ አይደለም አለች?»

«አለች።»

«የአፌን አፌ ይመልሰዋል አለች? በገዛ አፏ?»

«በገዛ አፏ። ደግሞ ስሚ፤ መልስ ምስጢር ነው፣ ጥያቄ ግን ምስጢር አይደለም። ከዚያ በኋላ ያገኘናቸው እናቶች ሁሉ፣ አንበሳሜም ይፋግም ያሉት፣ የራቀ ልጅ አላችሁ ወይ ተብለው ተጠይቀዋል። ያቺን ጥያቄ ያመጣች እናትሽ ናት። በአንቺ ምክንያት ነው ያመጣቻት።»

ማሬ በጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ተነሣች፤ ሆዷ እንቢ ሲላት ንገሪያት ያለኝ ሹፌር ሊደግፋት ብድግ አለ፣ እሷ ግን እጁን ገፋችው። ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሰማችሁ?» አለች። «እርግማኗን ስታወሩ የከረማችሁ፣ ሰማችሁ? ጠላ ነው የተደፋው ብላለች! ልጅ አልተደፋም ብላለች!»

«ሰምተናል ማሬ» አለ ሹፌሩ።

«አንተም ሰምተሃል?» አለችው በሩ ላይ የቆመውን ረዳት።

«እኔ ታንጉትን ልጠራ ነው የመጣሁ» አለ ልጁ ግራ ገብቶት። «ሞልቷል፤ እንውጣ።»

«መጀመሪያ ሰምቻለሁ በል!»

«ሰምቻለሁ፣ እሺ፣ ሰምቻለሁ!»

ሒሳቤን ብርጭቆው ሥር አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። የቀረችው ቦታ ከበሩ አጠገብ ነበረች። ገባሁ፤ ረዳቱ በሩን ገፍቶ ዘጋውና ወደ ባሕር ዳር ሄድን።